የአበበ ቢቂላ ሕይወት፦ ከጃቶ መንደር እስከ ሙኒክ

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣

በዚህ ዓመት በቅርስ ትምህርት ክፍላችን እያንዳንዱ ቡድን ስሙ የታወቀ፣ ከሞተም ብዙ ዘመን ያለፈው የአንድ ሰው ታሪክ እንዲጽፍ ተሰጠው። እኛ የመረጥነው አበበ ቢቂላን ነው። ስለ አበበ እናንተ ለእኛ ትነግሩናላችሁ እንጂ እኛ ለእናንተ አንነግርም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስሙን መጀመሪያ የሰማነው ከእናንተ አፍ ነው። እኛ ግን የተወለድነው እዚህ እስራኤል ነው፤ አሽቀሎን ውስጥ የምንማረውም በዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ ስለ እሱ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ያለ ጫማ ሮጦ ማሸነፉን ነው። ስናነብና ስንጠይቅ ግን ከዚያ ሩጫ በኋላ ያለው ሕይወቱ ከሩጫው የማያንስ ትምህርት ያለበት ሆኖ አገኘነው።

ይህን ታሪክ የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። በትምህርት ቤት የሩጫ ቀን ሲሆን ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ሁሉ ፈጣን ነው ተብሎ ይጠበቃል። ከቀደምን በደማችሁ ነው ይሉናል፤ ወደ ኋላ ከቀረን ደግሞ ይገረሙብናል። በሒሳብ ፈተና ግን ማንም እንዲህ አይጠብቀንም። ስለዚህ የአበበ ድል ከደም የመጣ ነው ወይስ ከሥራ የሚለውን በደንብ ማወቅ ፈለግን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግለጽ። በዕድሜ አያታችን የሚሆነውን ሰው አንቱ ብለን መጻፍ ይገባን ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ሁሉ እንደ ራሱ ልጅ አበበ ብሎ ስለሚጠራው እኛም እንደዚያው ጽፈናል። ዓመተ ምሕረቱንም፣ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፣ እዚህ እንደለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።

ልጅነቱና ወታደርነቱ

አበበ ቢቂላ በኦገስት 7 ቀን 1932 በሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ብዙም በማይርቅ ጃቶ በሚባል መንደር ተወለደ። የሚገርመው በዚያው ቀን በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር እየተካሄደ ነበር። በጃቶ ግን ማራቶን የሚባል ነገር የሚያውቅ አልነበረም። አበበ እንደ ገጠር ልጅ ሁሉ ከብት ጠባቂ ነበር። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1935፣ የኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ወራሪው በ1941 እስኪባረር ድረስ ልጅነቱ በጦርነት ዘመን አለፈ።

ወጣት ሲሆን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያ ዘመን ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ ወታደሮቹን ስፖርት ያሠለጥን ነበር። አበበ ወደ ሩጫ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሮም ላይ ሲሮጥ ዕድሜው 28 ዓመት ሆኖት ነበር። ኒስካነን ሥልጠናውን በፕሮግራም ያዘው። አንድ ቀን ረጅም ርቀት፣ ሌላ ቀን አጭር ርቀት በፍጥነትና በድግግሞሽ፣ ሌላ ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ዳገት ላይ ያስሮጠው ነበር። ሰዓቱም ይለካ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በዚያ አየር የሠለጠነ ሰው ዝቅ ወዳለ አገር ሲወርድ ትንፋሹ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ከፍታ ላይ የሚኖረው ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ሮም ላይ የቀደመው ግን ያ ሁሉ ልምምድ የነበረው ሰው ነው።

የሮም ሌሊት

የሮም ማራቶን የተካሄደው በሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ይሆናል፤ ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ውድድሩ የተጀመረው ወደ ማታ ነው። ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ተነሥተው፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ አልፈው፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር እንዲጨርሱ ነበር የታቀደው። ሲመሽ ወታደሮች ችቦ ይዘው በመንገዱ ዳር ቆሙላቸው።

ስለ ጫማው ነገር ብዙ ሰው የሚያስበው ከድህነት የተነሣ ጫማ እንዳልነበረው ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በሮም ያገኘው አዲስ ጫማ አልተስማማውም፣ እግሩንም ጎዳው። አገር ቤት ሳለ በባዶ እግሩም ይለማመድ ስለነበረ፣ ከአሠልጣኙ ጋር ተመካክሮ በለመደው ለመሮጥ ወሰነ። ስለዚህ የሮም ባዶ እግር አስቦበት ያደረገው የሯጭ ምርጫ ነው። ይህን ማወቃችን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች ያንን ፎቶግራፍ እያሳዩ ስለ ድህነት ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሰምተናል።

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። አሠልጣኙ ከሁሉ ይልቅ ራዲ ቤን አብደሰላም የተባለውን ሞሮኳዊ እንዲጠብቅ ነግሮት ነበር። ራዲ ይለብሰዋል የተባለው ቁጥር 26 ሲሆን፣ በዕለቱ ግን 185 ቁጥር ለብሶ ወጣ። አበበ 26 ቁጥርን ከፊት እየፈለገ ሲሮጥ፣ ከጎኑ ያለው 185 ቁጥር ራሱ ራዲ ነበር። ሁለቱ አብረው ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዱ።

ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አደባባይ ደረሱ። ይህ ሐውልት በሙሶሊኒ ዘመን፣ በ1937፣ ከአክሱም ተወስዶ ሮም የተተከለ ነው። አበበና አሠልጣኙ መንገዱን አስቀድመው ሲያዩ ሐውልቱን ምልክት አድርገውት ነበር። አበበ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራዲም ሊከተለው አልቻለም። አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨረሰ። ራዲን በ25 ሰከንድ ያህል ቀደመው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ከተሮጡት ማራቶኖች ሁሉ ፈጣኑ የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ሰዓት ነበር፤ አበበ ያሻሻለው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ። የአበበ ቢቂላ ወርቅ ከጥቁር አፍሪካ አገሮች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። አገሩን የወረረው ጦር በተነሣባት ከተማ፣ ከአገሩ የተወሰደው ድንጋይ ፊት፣ የእረኛው ልጅ አሸነፈ።

በቡድናችን ያለን ሴቶች ልጆች ደግሞ በዚያው ሮም ሴቶቹስ ምን አደረጉ ብለን ጠየቅን። መልሱ አስደሰተን። ዊልማ ሩዶልፍ የተባለች የ20 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትርና በ4 ጊዜ 100 ሜትር ዱላ ቅብብል ሦስት ወርቅ አገኘች። ዊልማ በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት በእግሯ ላይ የብረት ድጋፍ አድርጋ ትሄድ ነበር። በሳምንት እናቷ በአውቶቡስ ወደ ሩቅ ሐኪም ቤት ይወስዷት፣ በቤትም እግሯን ያሹላት ነበር። አበበና ዊልማ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ከተማ አሸነፉ። እሷ መሄድ ካቃተው እግር ተነሥታ ወደ ሩጫ ደረሰች። የእሱ መንገድ ግን፣ ወደ ፊት እንደምንነግራችሁ፣ በተቃራኒው ነበር።

ቶኪዮ

አበበ ወደ አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀበለው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሸለሙት። ነገር ግን ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ በዲሴምበር 1960፣ በክብር ዘበኛ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረና ከሸፈ። አበበም የዚያ ክፍል ወታደር ስለነበረ ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። በ1961 በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺቼ ማራቶኖች አሸነፈ። በ1963 በቦስተን ግን አምስተኛ ወጣ። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሰው አልነበረም፤ መሸነፍንም ያውቅ ነበር።

በ1964 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ትርፍ አንጀት ያዘው። ውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይቀረው ሆዱን ተቀደደ። ብዙ ሰው ይሮጣል ብሎ አልጠበቀም። ኦክቶበር 21 ቀን ግን ጫማ አድርጎ ተሰለፈ። ከመካከል ጀምሮ ብቻውን ወጣ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ጨርሶ እንደገና የዓለምን ፈጣን ሰዓት አሻሻለ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የገባው። አበበ ግን በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ይጠብቅ ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። ከዚህ ድል በኋላ ቮልስዋገን መኪና ተሸለመ።

በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። እግሩ ግን አጥንቱ ላይ ጉዳት ነበረበት፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ግን ሮጦ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ።

አደጋውና ሁለተኛው ሕይወቱ

በማርች 22 ቀን 1969 ማታ አበበ ያንኑ ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። አንገቱና አከርካሪው ተጎዳ። በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ያየነው እግር ከዚያ ቀን በኋላ አልተራመደም። ዕድሜው 36 ነበር።

ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደ። እዚህ ላይ ታሪኩ ከእኛም ታሪክ ጋር ይገናኛል። በዚያ ሆስፒታል አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን ሕክምና በ1944 የጀመረው ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የሚባል አይሁዳዊ ነው። ጉትማን በጀርመን አገር ሐኪም ነበር፤ ናዚዎች አይሁድን ሲያሳድዱ በ1939 ከቤተሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ከእሱ በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ጉትማን ግን በሽተኞቹን አስነሥቶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ስፖርት እንዲሠሩ አደረገ። በጁላይ 1948 በሆስፒታሉ ግቢ ያስጀመረው የቀስት ውድድር እያደገ ዛሬ ፓራሊምፒክ ወደሚባለው ውድድር ደረሰ። ይህ ውድድር በኖቬምበር 1968፣ ማለትም አበበ ከመጎዳቱ ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ፣ የተካሄደው እዚሁ በእስራኤል፣ በራማት ጋን ነበር። ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ተወዳዳሪዎች የተካፈለችው በዚያ ነው። ተሰዶ የመጣ አይሁዳዊ ሐኪም ያቋቋመው ቤት ለኢትዮጵያው ጀግና መጠጊያ ሆነለት።

አበበ እዚያ ስምንት ወር ያህል ታከመ። መጀመሪያ እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ እጁ ተመለሰለት፤ እግሩ ግን አልተመለሰም። አበበ ከዚያ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ የድሮ ድሉን እያወራ መኖር ይችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም። እሱ ግን በ1970 ወደ ስቶክ ማንዴቪል ተመልሶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ ወደ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ፣ በሚንሸራተት መቀመጫ፣ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ ከማይታወቅበት አገር የመጣ ሰው በረዶው አገራቸው የሆነውን ኖርዌያውያንን ቀደማቸው።

ሙኒክ 1972

በ1972 አበበ በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። በዚያ ኦሊምፒክ የሆነውን እስራኤል ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም። በሴፕቴምበር 5 እና 6 ቀን 11 የእስራኤል ስፖርተኞች፣ አሠልጣኞችና ዳኞች በአሸባሪዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ አሠልጣኙ አሚጹር ሻፒራ ነው። እሱ ያሠለጥናት የነበረችው አስቴር ሮት ሻሐሞሮቭ የእስራኤልን የ100 ሜትር ክብረ ወሰን ለአሥርት ዓመታት የያዘችው ሯጭ ናት። በሙኒክ በ100 ሜትር መሰናክል ለግማሽ ፍጻሜ አልፋ ነበር፤ አሠልጣኟ ከተገደለ በኋላ ግን ሳትሮጥ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከአራት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል ተመልሳ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ስድስተኛም ወጣች። በኦሊምፒክ አትሌቲክስ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ እስራኤላዊት ናት።

የሙኒክ ማራቶን በዚያ ኀዘን መካከል በሴፕቴምበር 10 ቀን ተካሄደ። ከሮም ድል ልክ 12 ዓመት መሆኑ ነው። አበበ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ ተመለከተ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጥቶ ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 25 ቀን 1973፣ አበበ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። ሞቱ ከአደጋው ጋር የተያያዘ ነበር። ዕድሜው 41 ነው። በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀሰለት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኙ። ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደጊዮርጊስና አራት ልጆቹ ቀሩ።

የተወልን ነገር

ከአበበ በኋላ የመጡት ብዙዎች ናቸው። በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ1996 በአትላንታ ፋጡማ ሮባ የአበበን ውድድር፣ ማራቶንን፣ አሸነፈች። የአክሱም ሐውልትም በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2008 በቦታው ቆመ። በ2010፣ የሮም ድል 50ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን መሪ ሆኖ ሳለ ጫማውን አውልቆ የመጨረሻውን ርቀት በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው በኦገስት 15 ቀን 2022 የሆነው ነው። በሙኒክ በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ማሩ ተፈሪ ሁለተኛ፣ ጋሻው አያሌ ሦስተኛ ወጡ፤ የእስራኤል ቡድንም በቡድን ወርቁን ወሰደ። እነዚህ ሯጮች በኢትዮጵያ ተወልደው ወደ እስራኤል የመጡ ናቸው። ማሩ በሚቀጥለው ዓመት በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮናም ብር አገኘ። 11 እስራኤላውያን በተገደሉባት፣ አበበም በወንበር ተቀምጦ ማራቶን በተመለከተባት ከተማ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የእስራኤል መዝሙር ለኢትዮጵያ ልጆች ተዘመረ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ድሉ ከደም ነው ወይስ ከሥራ? ደም ቢሆን ኖሮ የአበበ ታሪክ በሸኖ መንገድ ላይ ያበቃ ነበር። እግሩ ሲቀር ግን በክንዱ ጀመረ። ከ36 ዓመቱ በኋላ እንደ ተማሪ ከመጀመሪያ ተምሮ፣ ቀስት መያዝ ለመደ። ይህንን ደም አያደርገውም።

ይህንን ስንጽፍ ያሰብነው እናንተን ነው። ከእናንተ መካከል በ1980ዎቹ በእግራችሁ ሱዳን የደረሳችሁ አላችሁ፤ በሜይ 1991 በአውሮፕላን የመጣችሁም አላችሁ። በአገራችሁ ገበሬ፣ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሽማግሌ ሆናችሁ በሙያችሁ ተከብራችሁ ትኖሩ ነበር። እዚህ ስትደርሱ ከፊደል ጀመራችሁ። ደብዳቤ ሲመጣ የምናነብላችሁ እኛ ነን፤ በቢሮም የምናስተረጉምላችሁ እኛ ነን። አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ እኛ አዋቂ፣ እናንተ የማታውቁ እየመሰለን አድገናል። የአበበን ሁለተኛ ሕይወት ካወቅን በኋላ ግን በዕድሜ ገፍቶ ከመጀመሪያ መጀመር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ገባን። ያንን ያደረጉ ሰዎች ከእኛ ጋር በአንድ ቤት ይኖራሉ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለን። ከእናንተ መካከል የአበበን ድል ወይም የሞቱን ዜና በሬዲዮ፣ በገበያ ወይም ከመንገደኛ የሰማ ካለ፣ የት እንደነበረና ምን እንደተባለ ይንገረን። በአማርኛም በትግርኛም ቢሆን እንሰማለን፤ ጽፈንም ለታናናሾቻችን እናስቀምጣለን።